ለመኖሪያ ቤት የጥበቃ ካሜራ አመራረጥና አገጣጠም፤ ለአቃቂ ቃሊቲና አካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ፋብሪካና መጋዘን፣ ነባር የግቢ ቤቶች፣ እንዲሁም እንደ ገላንና ቱሉ ዲምቱ ያሉ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጎን ለጎን የሚገኙበት አካባቢ ነው። ለሥራ ወደ መሐል ከተማ ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ የሚመለስ ቤተሰብ ቤቱን ቀኑን ሙሉ ለቁልፍ ወይም ለአንድ የቤት ሠራተኛ አደራ ሰጥቶ ይውላል። የጥበቃ ካሜራ ለመግጠም የሚያስቡ ነዋሪዎች በአብዛኛው የሚያነሡት ምክንያት ይኸው ነው።

በሱቅ መደርደሪያ ፊት የሚነጻጸረው የካሜራ ብዛትና የሜጋ ፒክስል መጠን ነው። አደጋ በደረሰ ዕለት የሚፈተነው ግን ሌላ ነው። ምስሉ ፊትን ለይቶ ያሳያል ወይ? መብራት በጠፋበት ሰዓት ይሠራ ነበር ወይ? የተመዘገበው ሰዓት ትክክል ነው ወይ? ምስሉን ማየት የሚችለውስ ማን ነው? ይህ ጽሑፍ ነዋሪዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንዲያዘጋጁ ለማገዝ የቀረበ ነው።

ካሜራ የሚችለውና የማይችለው

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና የ40 ዓመታት ጥናቶችን ያጠቃለለ ዓለም አቀፍ ግምገማ፣ ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ገደማ መቀነሱን አመልክቷል። ውጤቱ ጎልቶ የታየው በመኪና ማቆሚያዎች ሲሆን፣ በመኖሪያ አካባቢዎችም መቀነስ ታይቷል። ካሜራውን በንቃት የሚከታተል ሰው ባለበትና ሌሎች የጥበቃ እርምጃዎች በተጨመሩበት ቦታ ውጤቱ የተሻለ ነበር። ይህ ቁጥር ካሜራን አያጣጥልም፤ ይሁንና ካሜራ ብቻውን ዘበኛ እንዳልሆነ ያሳያል። የግቢው በር ማንጠልጠያ የላላ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ የተነቀለ፣ የበሩ አምፖል የተቃጠለ ከሆነ ቀዳሚው ወጪ ለእነዚህ ሊሆን ይገባል። በርካታ ቤተሰቦች በጋራ የሚከፍሉት የሌሊት ዘበኛ ባለበት ሰፈርም ካሜራው የእርሱ አጋዥ እንጂ ምትኩ ተደርጎ ባይታሰብ ይመረጣል። ለማስፈራሪያ ብቻ የሚሰቀለውን ባዶ የካሜራ ቅርፊት በተመለከተ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ባዶነቱን ለመለየት ብዙ ቀን እንደማይፈጅበት መገመት አያዳግትም።

በቅድሚያ ምን እንዲታይ እንደሚፈለግ መወሰን

አንድ ካሜራ ግቢውን በሙሉ ሊያሳይ ይችላል፤ በግቢው ውስጥ ያለፈው ሰው ማን እንደሆነ ግን ላያሳይ ይችላል። በዘርፉ የሚታወቅ ዓለም አቀፍ መለኪያ ይህን ልዩነት በቁጥር አስቀምጦታል። በምስሉ ስፋት ላይ ለአንድ ሜትር 25 ፒክስል ሲደርስ ሰው መኖሩ ይታወቃል። 125 ሲሆን ቀድሞ የሚታወቅ ሰው ይለያል። የማይታወቅን ሰው ፊት ያለ ጥርጥር ለመለየት ግን 250 ያስፈልጋል።

በዚህ ስሌት በገበያ ላይ በስፋት የሚገኘው ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ፣ በወርዱ 1920 ፒክስል ያለው በመሆኑ፣ ፊትን ለይቶ የሚያሳየው ከ7 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ስፋት ሲሸፍን ብቻ ነው። ሰፊ ዕይታ ባለው 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህ ስፋት የሚሞላው ከካሜራው በ3 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ርቀቱ ወደ 7 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ከዚያ ባሻገር የሚታየው ሰው እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በስልክ ላይ ምስሉን ማጉላትም ያልተቀረጸውን ዝርዝር አይፈጥርም። ባለ 4 ሜጋ ፒክስሉ ይህንኑ የጥራት መጠን እስከ 10 ሜትር ስፋት ድረስ ይሰጣል።

ስለሆነም ለአንድ የግቢ ቤት ሁለት የተለያየ ዓላማ ያላቸው ካሜራዎች፣ ዓላማቸው ካልተለየ አራት ካሜራዎች የተሻለ አገልግሎት ሊሰጡ ይችላሉ። አንደኛው ወደ ግቢው በር ጠበብ ብሎ የሚያይና የሚገባውን ሰው ፊት የሚይዝ ይሆናል። ሁለተኛው ግቢውን በስፋት እየተመለከተ ሰውየው ከገባ በኋላ ወዴት እንዳመራ ያሳያል። የፊት ካሜራው ከመሬት ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሰቀል ይመረጣል። እንዳይሰረቅ ተብሎ ጣሪያ ጫፍ ላይ የተተከለ ካሜራ በአብዛኛው የሚቀርጸው ኮፍያና የጭንቅላት አናት ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ በራሱ በር ላይ የሚገጠም አንድ ካሜራ ወይም ካሜራ ያለው የበር ደወል ሊበቃ ይችላል።

ፀሐይ፣ አቧራና መረሬ አፈር

በአምራቹ መመሪያ ላይ የማይገኙ ሦስት የአካባቢው ሁኔታዎች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። ወደ ምሥራቅ የዞረ ካሜራ በማለዳ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ደግሞ በ11 ሰዓት ገደማ በጮራ ይታወራል፤ ሰው ከቤት የሚወጣውና የሚገባው ደግሞ በእነዚሁ ሰዓቶች ነው። በአገራችን ኬክሮስ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሰሜን በኩል፣ በቀሪዎቹ ወራት በደቡብ በኩል ስለምትሆን፣ በጥር የተስተካከለ ካሜራ በሰኔ እንደገና ሊፈተሽ ይገባል። ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥን ሥርዓት ያለው ካሜራ ችግሩን ያቃልላል፤ ይሁንና የአቅጣጫ ምርጫን አይተካም።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ከባድ ተሽከርካሪዎች በሚመላለሱባቸው መንገዶች ዳርና አስፋልት ባልደረሰባቸው የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በበጋ የሚነሣው አቧራ ሌንሱን በሳምንታት ውስጥ ይሸፍነዋል። ሌሊት ካሜራው በራሱ ኢንፍራሬድ ጨረር ሲያይ፣ ጨረሩ በአቧራውና በሸረሪት ድር ላይ ተንጸባርቆ ምስሉን ነጭ ጉም ያስመስለዋል። ከአዲስ የቆርቆሮ አጥርና በደማቅ ቀለም ከተቀባ የብረት በር ፊት ለፊት ተጠግቶ የተተከለ ካሜራም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየወሩ በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት፣ ካሜራውን ከግድግዳና ከቆርቆሮ ፈቀቅ አድርጎ መትከል፣ እንዲሁም በበሩ ላይ ሌሊቱን የሚያበራ አነስተኛ አምፖል ማድረግ። አምፖሉ ምስሉ ባለ ቀለም ሆኖ እንዲቀረጽ ስለሚረዳ የልብስንና የመኪናን ቀለም ለመለየት ያስችላል። ከቤት ውጭ የሚሰቀለው ካሜራ አቧራና ዝናብ የሚከላከልበት ደረጃ አይፒ 66 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ከማሸጊያው ላይ ይረጋገጥ።

ሦስተኛው የብዙዎችን ትኩረት የማያገኘው አፈሩ ነው። በአቃቂ ሜዳ ላይ በስፋት የሚገኘው መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ በጥልቀት ሳይተከል የቆመ የብረት ምሰሶ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው ያዘነብላል፤ በመስከረም ወደ በሩ ያነጣጠረ ካሜራም በየካቲት የጎረቤት ጣሪያ ሲቀርጽ ይገኛል። ከተቻለ ካሜራው በቤቱ ዋና ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል፣ ምሰሶ ግድ ከሆነ ደግሞ መሠረቱ ከሚሰነጠቀው የላይኛው አፈር በታች ወርዶ በኮንክሪት እንዲያዝ ይመከራል።

የካሜራ ዓይነትና የገመድ ጥራት

ቋሚ መኖሪያ ላላቸው ቤተሰቦች በገመድ የሚሠራ ሥርዓት ከገመድ አልባው ይልቅ አስተማማኝ ነው። አናሎግ የሚባሉት ካሜራዎች ከዲቪአር መቅጃ ጋር፣ አይፒ የሚባሉት ደግሞ ከኤንቪአር መቅጃ ጋር ይሠራሉ። በአይፒ ሥርዓት አንድ የኔትወርክ ገመድ ምስሉንም ኤሌክትሪኩንም ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የገመዱ ርዝመት ግን ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። በገበያ ላይ በመዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ገመድ በርካሽ ይሸጣል። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹሕ መዳብ ያነሰ በመሆኑ ራቅ ያለውን ካሜራ በተለይ ሌሊት ኢንፍራሬዱ ሲበራ ያዳክመዋል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጎ ውስጡ ነጭ መሆን አለመሆኑን ማየት ለመለየት ያስችላል።

የዋይፋይ ካሜራ ለተከራዮች ይመቻል፤ ቤት ሲለቀቅ ነቅሎ መሄድ ይቻላልና። በሲም ካርድ የሚሠራውም መስመር ላልተዘረጋበት ቦታ ያገለግላል። ነገር ግን በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚልክን ካሜራ በስልክ ለአንድ ሰዓት በቀጥታ መመልከት 450 ሜጋ ባይት ገደማ ዳታ ስለሚፈጅ፣ የዳታ ጥቅል ሲገዛ ይህ ከግምት ይግባ። በሁለቱም ዓይነቶች ኔትወርክ ሲቋረጥ መቅረጹ እንዲቀጥል ሚሞሪ ካርድ መግባት ይኖርበታል።

መብራት ሲጠፋ

መብራት በጠፋ ጊዜ የማይሠራ ካሜራ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት የለም ማለት ነው። የሚያስፈልገውን ኃይል ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሚወስዱ አራት ካሜራዎች 20 ዋት፣ መቅጃው 15 ዋት፣ ራውተሩ 10 ዋት ቢወስዱ በድምሩ 45 ዋት ይሆናል። ለአንድ ኮምፒዩተር የሚሸጠው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ይህን ጭነት ለአንድ ሰዓት ያህል ሊሸከም ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ለማዳረስ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር 10 ሰዓት ገደማ ያገለግላል። ራውተሩ ከባትሪው ጋር ካልተያያዘ ካሜራው ቢቀርጽም መልእክት ወደ ስልክ አይደርስም፤ ይህ በተደጋጋሚ የሚዘነጋ ነገር ነው። መብራት ሲመለስ የሚከሰተው የኃይል መዋዠቅ መሣሪያ ስለሚያቃጥል ስታብላይዘር ወይም የኃይል መከላከያ፣ በክረምት ለሚወድቀው መብረቅም በአግባቡ የተሠራ የመሬት መስመር ሊኖር ይገባል። ይህን ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ይሥራው።

የማኅደር መጠንም እንዲሁ በስሌት ይታወቃል። በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ አንድ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋ ባይት ይሞላል። አራቱ በቀን ከ86 ጊጋ ባይት በላይ ስለሚፈጁ ባለ 1 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ ከ11 ቀን ገደማ በኋላ የመጀመሪያውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። ለበዓል ወደ አገር ቤት ሄዶ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ቤተሰብ ባለ 2 ቴራ ባይት ቢይዝ፣ ወይም ኤች 265 የተባለውን የምስል መጭመቂያ ቢጠቀም፣ ሲመለስ የመጀመሪያውን ቀን ምስል ያገኛል። መቅጃው ከመግቢያው አጠገብ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር አይቀመጥ። ሌባ ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ማስረጃውንም አብሮ ይወስዳልና በተቆለፈ ቁም ሳጥን ወይም በሌላ ክፍል ይሁን።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠር

በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ ይህ ነው። መቅጃዎች የሚሠሩት በጎርጎርዮሳዊው ቀን እና ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከቻይና የሚመጡ በርካታ መሣሪያዎች ደግሞ በአገሩ ሰዓት፣ ማለትም በጂኤምቲ+8 ተስተካክለው ስለሚደርሱ፣ ወደ ጂኤምቲ+3 ካልተመለሱ 5 ሰዓት ይቀድማሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አጥር ዘሎ ገባ እንበል። በትክክል የተስተካከለ መቅጃ ይህን ሰኞ 02:00 ብሎ ይመዘግበዋል። በቻይና ሰዓት የቀረ መቅጃ ሰኞ 07:00 ይለዋል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ባለቤቱ «እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ቃሉን ሲሰጥና በምስሉ ላይ «ሰኞ 07:00» ተጽፎ ሲገኝ፣ ቃሉና ምስሉ እርስ በርስ የሚቃረኑ ይመስላሉ። የተጠርጣሪው የመግቢያና የመውጫ ሰዓት በሚመረመርበት ጉዳይ ይህ ጥቃቅን ስሕተት አይደለም፤ ንጹሕ ሰው ያለ ቦታው ሊያስጠረጥር፣ ጥፋተኛውንም ሊያስመልጥ ይችላል።

ስለዚህ የሰዓት ቀጣናው በመጀመሪያው ቀን ይስተካከል፤ በየወሩም ከስልክ ሰዓት ጋር ይመሳከር። ኢንተርኔት ካለ መቅጃው ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል ማድረግ ይቻላል። ለፖሊስ ቃል ሲሰጥ በምስሉ ላይ ያለው ሰዓት የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ መነገር አለበት።

የጎረቤት፣ የተከራይና የቤት ሠራተኛ መብት

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ አንድን ሰው ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል መረጃን በጥበቃ ሥር አውሎታል። የሰው ፊት የሚታይበት ምስል ከዚህ የሚለይበት ምክንያት የለም። ካሜራ የራስን በር ለመጠበቅ ይተከላል እንጂ የጎረቤትን ደጅ ለማየት አይተከልም።

አጥር በአጥር በተያያዙ ግቢዎች የጎረቤት መስኮት፣ የልብስ ማስጫና መጸዳጃ ቤት በምስሉ ውስጥ የሚገቡበት አጋጣሚ አለ። በመጀመሪያ የካሜራውን አቅጣጫ መለወጥ፣ ካልተቻለ በመቅጃው ውስጥ ያንን የምስል ክፍል በጥቁር መሸፈን ይገባል፤ ይህን አገልግሎት አብዛኞቹ መቅጃዎች ይሰጣሉ። ከመትከል በፊት ለጎረቤት ነግሮ፣ ከተከሉ በኋላም የሚታየውን በስልክ ማሳየት ለወራት ሊዘልቅ የሚችል ቅሬታን ያስቀራል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያውና ግቢው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ሀብት ናቸው። ስለሆነም በእነዚህ ቦታዎች ካሜራ የሚተከለው፣ ምስሉን ማን እንደሚይዝና ለስንት ቀን እንደሚቆይም የሚወሰነው በባለቤቶች ማኅበር በኩል መሆን አለበት።

ሰርቪስ ቤት ያከራየ አባወራ በተከራዩ በር ላይ ያነጣጠረ ካሜራ ሊኖረው አይገባም። የግቢው መግቢያ ለሁሉም ይበቃል፤ ካሜራ መኖሩም ውል ሲፈረም ይነገር። የቤት ሠራተኛ ወይም ሞግዚት በምትሠራበት ቤት ውስጥ ካሜራ ካለ የት እንዳለ በግልጽ ልታውቅ ይገባል። በምትተኛበት፣ ልብስ በምትቀይርበትና በምትታጠብበት ቦታ ካሜራ መትከል በምንም ምክንያት ተቀባይነት የለውም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታድር ወጣት መብቷን ለመጠየቅ አቅሙ ላይኖራት ስለሚችል ኃላፊነቱ ይበልጥ የአሠሪው ነው። ብዙ ካሜራዎች ማይክሮፎን ስላላቸው ድምፅ መቅረጹም ለጥበቃ ካላስፈለገ ይዘጋ።

ከካሜራ የተገኘ ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ «ይህን ሌባ እወቁልን» ተብሎ መለጠፉ እየተለመደ መጥቷል። በምስሉ ላይ የታየው ሰው ቆጣሪ አንባቢ ወይም በር የተሳሳተ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ የተለጠፈውም ተመልሶ አይሰበሰብም። ምስሉ የሚሰጠው ለሚመረምረው አካል ነው።

የይለፍ ቃል

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሚራይ የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር፣ የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ተቆጣጥሮ በአንድ የአሜሪካ የኢንተርኔት ድርጅት ላይ ባዘመተው ጥቃት፣ ትዊተርን ጨምሮ ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠው ነበር። የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ የሆነውን እንኳ አላወቁም። የሌላን ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ያለ ፈቃድ መድረስ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ሆኖም በሩን ክፍት ትቶ በሕጉ ብቻ መተማመን አይበጅም።

ገጣሚው ባለሙያ ሥራውን ሲጨርስ ዋናው የይለፍ ቃል በባለቤቱ እጅ፣ በባለቤቱ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል መመዝገብ አለበት። በገጣሚው ስም የተመዘገበ ካሜራ፣ ገጣሚው ካልተገኘ በኋላ ለማዛወር ያስቸግራል፤ እርሱም ቤቱን ከሩቅ ማየቱን ሊቀጥል ይችላል። ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት የገጣሚው ስልክ ከመተግበሪያው እንዲወጣና የይለፍ ቃሉ በፊቱ እንዲለወጥ ይጠየቅ። ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይከፋም።

ሙከራና አደጋ ሲደርስ የሚደረግ

ሥራው ከመረከቡ በፊት አንድ የቤተሰብ አባል ሌሊት፣ አምፖል በርቶም ጠፍቶም፣ ከበር እስከ ቤት ይመላለስ፤ ምስሉም ከመቅጃው ተመልሶ ይታይ። ቀጥሎ ብሬከሩ ይውረድና ሥርዓቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በሰዓት ይለካ።

ስርቆት ወይም ሌላ ወንጀል ከተፈጸመ ለአዲስ አበባ ፖሊስ በነፃ የስልክ መስመር 991 ወይም በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ይነገር። መቅጃው በላዩ እየጻፈ ምስሉን እንዳያጠፋው፣ የሚፈለገው ሰዓት ካለፈው ግማሽ ሰዓትና ከሚከተለው ግማሽ ሰዓት ጋር ሳይቆራረጥ በፍላሽ ይገለበጥ። የስልክ ካሜራን በስክሪኑ ፊት ይዞ መቅረጽ ጥራቱንም ተዓማኒነቱንም ስለሚቀንስ አይመከርም። ፍላሹ ለመርማሪ ሲሰጥ የተቀዳበት ቀንና ሰዓት፣ የገለበጠው ሰው ስምና የተረካቢው ፊርማ በወረቀት ይያዝ፤ ዋናው ሃርድ ዲስክም ምርመራው እስኪያልቅ በቦታው ይቆይ።